መብራት ጠፍቶ መጣ

እስከዳር አምባቸው ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክደውም። ቢቸና ገበያ ሽንኩርት ስትገዛ ከነጋዴው ፊት ይልቅ ሚዛኑን ነው የምታየው። የሚኒባስ ረዳት "አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን" ቢላት አንገቷን አስግጋ ወንበሮቹን ሳትቆጥር አትገባም። ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስታስተምር ተማሪ ሠርቼ ጨረስኩ ብሎ ከመጣ፣ "በል እዚሁ ፊቴ ፈትተህ ግጠመው" ትለዋለች። እናቷ ወይዘሮ ፋንታነሽ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ከጡት ጋር ነው መሰለኝ ያጠባሁሽ" እያሉ ይስቁባታል። ሳቃቸው ግን ከአንጀት አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ልጃቸው ባል ያጣችው በዚሁ ጠባይዋ ነው ብለው ያምናሉ።

መስከረም አራት ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ ዘመነ ነበር፤ ሞጣ ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው።

"ኢንጂነር፣ እንኳን አደረሰሽ! መሣሪያሽ ጉድ አወጣልን" አላት።

መሣሪያውን የሠራችው እሷ ናት። መዳፍ የምታህል ሳጥን ስትሆን በጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ጎን ላይ ተገጥማ በየደቂቃው ቅዝቃዜውን ትለካለች፤ በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ትቆጥራለች፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ መርፌው ሕፃኑን ከማስለቀስ በቀር የሚፈይደው የለም። ሳጥኗ ሞጣ የገባችው ባለፈው ኅዳር፣ ለሙከራ ነበር። ዓመቱን በደኅና ከተወጣችው እስከዳር አርባ እንዲሁ ያሉ ሳጥኖች ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች እንድትሠራ ቃል ተገብቶላታል።

ዘመነ ጉዱን ዘረዘረላት። በጳጉሜን አምስት ቀናት ውስጥ ሳጥኗ አሥራ አራት ጊዜ "መብራት ጠፍቶ መጣ" ብላ ጽፋለች። የእነዚያ ቀናት የቅዝቃዜ መረጃም አብዛኛው የለም። መብራት ግን አልጠፋም። ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት የዓውደ ዓመቱን እህል ሲፈጭ ጳጉሜንን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በመብራት ምክንያት አልቆመም፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው በእሱ ዝምታ ነው።

"ስለዚህ ፍሪጁን ከሶኬት የሚነቅል ሰው ነበረ ማለት ነው" አለ ዘመነ። "የክፍሉ ቁልፍ ያለው ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ነው። ሲስተር ስርጉት ትባላለች። ማን ስንት ሰዓት ወደዚያ ክፍል እንደገባ ዘበኛችን ይመዘግባል። አሥራ አራቱም ከእሷ መግቢያ ጋር ገጠሙ።"

"ገጠሙ?"

"በደቂቃ!"

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ከእስከዳር የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኗን ፈትሻ ጤነኛ መሆኗን በጽሑፍ ማረጋገጥ። ያ ደብዳቤ ካለ ስርጉት ትባረራለች።

እስከዳር ደስ አላት። በሰው መባረር ደስ መሰኘት ነውር መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ደስ አላት። ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሳጥኗ ሰው የደበቀውን ነገር አየች። ላፕቶፗንና ኬብሏን ሸክፋ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ እስኪደርሱ በሐሳቧ ከማታውቃት ሴት ጋር ስትከራከር ነበር። ቁልፌ ጠፍቶ ነበር ብትል ይህን እላታለሁ፤ ጽዳቷ ነች ብትል ያንን እላታለሁ እያለች መልስ አዘጋጀች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ብቻዋን ስታጉተመትም አይተው በስመ አብ ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ዘመነ በር ላይ ጠበቃት። እስክሪብቶውን ሳይቀር በመሳቢያ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከት ሰው ነው፤ ሁለቱ ለመግባባት አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

"ምክንያቱም ታውቋል" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካውያ ነው። ጳጉሜን አራት ቀን ካውያ ይዛ ስትገባ የታየች ሴት ናት። የልጆቿን የዓውደ ዓመት ልብስ በመንግሥት መብራት ስትተኩስ ነበር። ፍሪጁን ትነቅላለች፣ ካውያዋን ትሰካለች።"

"አምስት ቀን ሙሉ፣ አሥራ አራት ጊዜ ተኮሰች?"

"አንዱን በካውያ፣ ሌላውን በምድጃ። ምን ይታወቃል? ዛሬ የሰው ነገር!"

እስከዳር በልቧ አሥራ አራት ጊዜ መብዛቱን ታዝባለች። ግን አለፈችው፤ ሰው አንዴ ከጀመረ አያቆምም ብላ።

ስርጉት የክትባቱ ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር። አርባን የተሻገረች፣ አጭር ቃል የምትወድ ሴት ናት። የደብረ ኤልያስ ልጅ ስትሆን እዚህ ተመድባ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ከዚህ ደመወዝ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ይህን ሁሉ ዘመነ ነው ለእስከዳር የነገራት፤ የነገራት ግን ለማዘን አይደለም፣ "ስለዚህ የማትዋሸው ውሸት የለም" ለማለት ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ፍሪጁና ሳጥኗ ከአንዲት ሶኬት ነው መብራት የሚወስዱት። ፍሪጁ ላይ መዝገብ ተቀምጧል፤ ስርጉት ጠዋትና ማታ የፍሪጁን ቴርሞሜትር እያየች የምትጽፍበት። እስከዳር የጳጉሜንን ገጽ ገለጠች። አራት ዲግሪ፣ አምስት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። በአንድ ቀን ተቀምጦ የተሞላ መዝገብ ይህን ይመስላል አለች በልቧ።

"ሲስተር፣ ካውያውን የት ነበር የሰኩት?"

"ማዶ ካርድ ክፍል። የልጆቼን ልብስ ተኩሻለሁ፣ አልክድም። በሥራ ሰዓት መተኮሴ ጥፋት ነው፤ ይቅጡኝ። ፍሪጁን ግን አልነቀልኩም።"

"ታዲያ ማን ነቀለው? ቁልፉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"አሥራ አራቱንም ጊዜ እዚህ ነበሩ?"

"ነበርኩ። ሥራዬ ነው። እገባለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ቴርሞሜትር አያለሁ፣ የቀኑን ክትባት አወጣለሁ፣ የተረፈውን እመልሳለሁ።"

እስከዳር በመንገድ ላይ ያዘጋጀቻቸው መልሶች ሁሉ ሥራ ፈቱ። ቁልፌ ጠፍቷል አላለችም፤ ጽዳቷን አልወነጀለችም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይናገራል የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎባት ነበር፣ ወዲያው አጠፋችው። እንዴት ያለች ብልጥ ናት፣ አለች።

ሥራዋን ግን በወጉ ሠራች። የፍሪጁን በር ሃያ ጊዜ ከፍታ ዘጋች፤ ሳጥኗ ሃያ ብላ ቆጠረች። ሶኬቱን ነቀለች፤ ስክሪኑ ጠፋ። መልሳ ሰካችው፤ "መብራት ጠፍቶ መጣ" የሚል ጽሑፍ ከነሰዓቱ ወጣ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየሳበች አየች፤ የላላ የለም። ከዚያ ዘመነ ቢሮ ገብታ ጻፈች፤ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ነው፤ በተጠቀሱት አሥራ አራት ጊዜያት የኤሌክትሪክ ኃይል ከሶኬቱ ተቋርጧል። ፈረመችበት። ዘመነ መሳቢያውን ከፍቶ ማህተሙን አወጣና አተመበት።

ኮሪደሩ ላይ ስርጉት ጠበቀቻት።

"ፈተሽሽው?"

"ሃያ ጊዜ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ ነዋ፣ ሲስተር።"

"ዛሬ መስከረም ነው። እኔን የከሰሰኝ በጳጉሜን የጻፈው ነው። በጳጉሜን የሆነውን በመስከረም ፈትሸሽ ትፈርጅብኛለሽ?"

"ለማሽን ጳጉሜንም መስከረምም ያው ነው" አለቻት እስከዳር፤ አለፈቻት።

ምሳ አላስበላ ያላት ግን ይኸው ነገር ነበር። ለስርጉት አዝና እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋ ይህንኑ ኮሚቴው ፊት ብታነሳ፣ አልሞከርኩትም ማለት ሊመጣ ነው፤ ያን ቀዳዳ መድፈን አለብኝ ብላ ነው። ሽሮዋን ግማሽ ትታ ተመለሰች፤ ከስርጉት ቁልፉን ተቀበለችና ብቻዋን ገባች። የሳጥኗን ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ጳጉሜን ሁለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። የፍሪጁን በር ከፈተች።

ስክሪኑ ደረቀ። ቁጥሮቹ ባሉበት ቆሙ። አራት ሰከንድ ያህል እንዲሁ ቆይቶ ጠፋና በራ። "መብራት ጠፍቶ መጣ" አለ፤ ፍሪጁ እያጓራ፣ አምፖሉ እየበራ፣ ወፍጮው ከአጥሩ ማዶ እየፈጨ።

እስከዳር መጀመሪያ የጠረጠረችው ስርጉትን ነው። ነካክታዋለች አለች፤ ሳጥኗን አገላብጣ አየች፣ ቢፈቱ እንዲታወቅ ብሎኖቹ ላይ የቀባችው ቀለም እንዳለ ነው። ቀጥላ መብራት ኃይልን ጠረጠረች፤ በመለኪያ አየችው፣ ደኅና ነው። ቺፑን የሸጠላትን የአዲስ አበባ ነጋዴ ጠረጠረች። ዘመነን ሳይቀር ጠረጠረች። ሰዓቱን ወደ መስከረም መለሰችና በሩን ከፈተች፤ ሳጥኗ ቆጠረች። ወደ ጳጉሜን መለሰችው፤ ሞተች። የሚጠረጠር ሰው አልቆ የቀረችው ራሷ ነበረች።

እንዲህ ባሉ ትንንሽ ማሽኖች ውስጥ ዋችዶግ የሚሉት ነገር አለ፤ እስከዳር ለተማሪዎቿ ዘበኛው እያለች ነው የምታስረዳው። ፕሮግራሙ ሥራውን እየሠራ በየአራት ሰከንዱ ለዘበኛው "አለሁ" ይለዋል። መንገድ ስቶ አለሁ ማለቱን ካቆመ ዘበኛው ማንንም ሳያማክር ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ያን ጊዜ በጊዜያዊው ሚሞሪ የተያዘው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ወደ ቋሚው ሚሞሪ የተገለበጠው ብቻ ነው። ቋሚው ደግሞ ብዙ ሲጻፍበት ስለሚያረጅ፣ እስከዳር ቆጥባ የቅዝቃዜው መረጃ በቀን አንዴ ብቻ እንዲገለበጥ አድርጋ ነበር። የጳጉሜን መረጃ የት እንደገባ አሁን ገባት።

ማሽኑ ለምን እንደተነሳ ቺፑ ራሱ በአንዲት ጥግ ይጽፋል፤ መብራት ሄዶበት ይሁን ዘበኛው ቀስቅሶት። ፕሮግራሟ ግን ያችን ጥግ ሳያነባት ነበር የሚደመስሳት። እንዲህ ያዘዘችው ራሷ ናት። አምና ቢቸና ቁጭ ብላ ስትጽፈው መብራት በቀን ሦስቴ ይሄድ ነበር። ማሽን ጠፍቶ የሚነሳ በሌላ በምን ይሆናል ብላ፣ በተነሳ ቁጥር "መብራት ጠፍቶ መጣ" ብሎ እንዲጽፍ አደረገችው። የሽንኩርት ሚዛን የማታምን ሴት የራሷን ግምት ሳትመዝን አሳለፈችው።

ላፕቶፗን ሰክታ ጥጓን የሚደመስሰውን የፕሮግራም መስመር አስወገደች፤ ጳጉሜን አደረገች፤ በሩን ከፈተች። ሳጥኗ ሞታ ስትነሳ ጥጓን አነበበች። ዘበኛው ነው።

የቀረውን ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም። የበሩን መከፈት ወር በወር የምትቆጥርበት ሠንጠረዥ አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ነበረው። ሠንጠረዡን የወሰደችው ከጤና ጣቢያው የሪፖርት ቅጽ ላይ ነው፤ በቅጹ ጳጉሜን የራሷ ረድፍ የላትም፣ ከነሐሴ ጋር ተደርባ ትላካለች። የሳጥኗ ሰዓት ግን ጳጉሜን ስትገባ አሥራ ሦስተኛ ወር ብላ ታውቃታለች። በሩ ሲከፈት ፕሮግራሙ በሌለው አሥራ ሦስተኛ ቦታ ላይ ሊጽፍ ሄዶ የጎረቤቱን ሚሞሪ ያበላሻል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የተያዘበት ነበር። ስርጉት በሩን በከፈተች ቁጥር ሳጥኗ የምትሞተው ለዚህ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እስከዳርን ነው።

ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አሥራ ሁለትን አሥራ ሦስት ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም አላየ፤ ዘመነ ቢያይም አይገባውም። ደብዳቤው ታትሟል። አርባው ሳጥን ከፊቷ ነው፤ ስርጉትን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ነው ያየቻት። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት እስከዛሬ የሌሎች ሰዎች ተረት ነበር፤ አሁን እሷው ጆሮ ውስጥ ገባ። አስተካከለችው። ወደ ሳጥኗ ለመጫን ጣቷን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች። ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ፍርሃቱ ሲለቃት ተናደደች። ተማሪዋ ይህን ሠርቶ ቢደብቅ ምን ትለው እንደነበር ታውቃለች። ያስተካከለችውን ሳትጭን ላፕቶፑን ዘጋችውና ወደ ኮሚቴው ሄደች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ዘመነ፣ አንዲት የላቦራቶሪ ኃላፊ፣ እና የኅብረተሰቡ ተወካይ መሪጌታ አካለ ወልድ። መሪጌታ ሰባ ሊሞላቸው የተቃረቡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያላወቃቸው የተኙ ይመስለዋል። ስርጉት ራቅ ብላ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ደብዳቤዬን ልመልስ ነው የመጣሁት" አለች እስከዳር ሳትቀመጥ። "ጥፋቱ የሳጥኑ ነው። የእኔ ነው። ሲስተር ምንም አልነቀለችም።"

ዘመነ ደብዳቤውን ገልጦ ማህተሙን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ደስ አይልም።

"ከምሳ በፊት ሌላ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ። ምሳ ከማን ጋር ነው የበላሽው?"

"ብቻዬን።"

"ደብረ ኤልያስ ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም፣ አቶ ዘመነ።"

"ቁልፉን ማን ሰጠሽ? እሷ አይደለችም? ብቻሽን ገብተሽ ወጣሽ፤ ወጥተሽ ቃልሽን ለወጥሽ። ይኼ ምን ይባላል?"

ጠዋት ስርጉት ነቅላለች ብላ ስትፈርም ማስረጃ አምጪ ያላት አልነበረም። አሁን እኔ ነኝ ብትል ዘመዷን ይቆጥሩባታል። የተሰማት ውርደት ነው፤ ከውርደቱም የባሰው ዘመነን መውቀስ አለመቻሏ ነበር፤ እሷም በእሱ ቦታ ሆና ይህንኑ ትጠይቅ ነበርና። ስርጉት እንኳ ከበሩ አጠገብ ሆና በጥርጣሬ ነው የምታያት።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለቻት ስርጉት ዝግ ባለ ድምፅ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። "ልጄ፣ ያልሽው ነገር በዓይን የሚታይ ነው ወይስ በአፍ የሚነገር ብቻ?"

"የሚታይ ነው፣ መሪጌታ።"

"ታዲያ ምን ያስቀምጠናል?"

ተነሥተው አምስቱም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ታጨቁ። መሪጌታ እስከዳር ሳጥኗን እንዳትነካ ከለከሉ። ሰዓቱ እንዴት እንደሚለወጥ ለላቦራቶሪ ኃላፊዋ እንድታሳያት አደረጉና፣ ቀኑን ራሳቸው መረጡ።

"ነሐሴ ሠላሳ አድርጊው" አሉ። በሩ ተከፈተ፤ ሳጥኗ ቆጠረች።

"መስከረም አንድ።" ቆጠረች።

"ጳጉሜን አንድ።" በሩ ሲከፈት ስክሪኑ ደረቀ፤ ጠፍቶ በራ። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን አየች፣ እንደተሰካ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው። ጳጉሜን ሁለትን፣ ሦስትን፣ አምስትን ሞከሩ፤ ሁሉም ያው ነው።

እስከዳር ስለ ሠንጠረዡ አስረዳቻቸው። መሪጌታ አቋረጧት።

"ገባኝ። አሥራ ሁለት ወንበር ዘርግተሽ አሥራ ሦስት እንግዳ ጠራሽ። አሥራ ሦስተኛዋ ሰው ጭን ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው፣ መሪጌታ።"

"የቢቸና ልጅ ሆነሽ ጳጉሜንን እንዴት ረሳሽ?"

"ከሪፖርቱ ቅጽ ላይ ገልብጬ ነው። እዚያ ላይ የለችም።"

"ደመወዝም የላትም" አለች የላቦራቶሪ ኃላፊዋ፤ ሳታስበው ሳቀች።

ዘመነ አልሳቀም። "የሠራችው እሷ ናት። እንዳሻት ልታናግረው ትችላለች።"

"እውነትህን ነው" አሉ መሪጌታ። "ጠዋትም የተናገረው ይኸው ማሽን ነበር። ያን ጊዜ አምነኸዋል።"

ዘመነ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ክሱ መነሣቱ ተጻፈ። ለካውያው ስርጉት የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ዘመነ ስለ አርባው ሳጥን ደግሞ የማይታመን መሆኑን በደብዳቤ አሳውቃለሁ አለ፤ እስከዳር አልተከራከረችም። ቢከፋትም ትክክል ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ እስከዳር ሳጥኗን ከፍሪጁ ላይ ለመንቀል ቀረች። ስርጉትም አልወጣችም። ከነጭ ጋዋኗ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት።

ያው ጥርት ያለ ፊደል ነው። "እኔ ሲስተር ስርጉት፣ የክትባት ፍሪጁን ከሶኬት የነቀልኩት እኔ መሆኔን አምናለሁ" ይላል። ከሥሩ አሥራ አራቱም ጊዜያት ከነሰዓታቸው ተጽፈዋል። በየሰዓቱ ትይዩ እንዴት እንደሆነ አለ፤ አንዱ ካውያ ለመሰካት፣ አንዱ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ፣ አንዱ ሲጠርጉ በእግር ተመትቶ። መጨረሻው ይቅርታ ይደረግልኝ ነው። ተፈርሞበታል።

"አቶ ዘመነ ካመንሽ ቅጣቱ ይቀልልሻል አለኝ" አለች ስርጉት። "ባይሆንልኝ ኮሚቴው ፊት ላነበው ነበር።"

እስከዳር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንባዋ መጣ፣ ግን ማልቀስ የሚገባት እሷ እንዳልሆነች ስላወቀች ዋጠችው።

"ሲስተር፣ አንድ በአንድ ጽፈውታል እኮ። ያልሆነ ነገር እንዴት እንዲህ ከነዝርዝሩ ይጻፋል?"

"ፈጥሬ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ አልነቀልኩም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ማሽኑ ጽፏል አሉኝ። ማታ ማታ ተኝቼ ምናልባት ረስቼው ይሆን እያልኩ አስብ ጀመር። ትናንት ሌሊት ታየኝ። እጄ ሶኬቱ ላይ ሆኖ፣ ስነቅለው ታየኝ።"

"አሁንስ?"

ስርጉት ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ አጥፋ ወደ ኪሷ መለሰችው።

"አሁንም ይታየኛል" አለች።

የማታው ሰዓት ደርሶ ነበር። የፍሪጁን በር ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየች፤ ዘጋችው። መዝገቡን ገልጣ እስክሪብቶዋን አነሣች። ከመጻፏ በፊት ግን ጎንበስ ብላ ሶኬቱን አየች፤ መሰካቱን በእጇ ዳሰሰች፣ ከዚያ እንደገና አየችው።